ታችኛው ሲሊንደር

ከደንቢያ በኩል ጉም፣ አዘዞ ላይ ቁር፣
የጥቅምት ማለዳ፣ ጤዛ የቋጠረ የሜዳ ሣር፤
ክረምቱን በሙሉ ሸራ ለብሳ የከረመች
አሮጊት ዳኮታ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ ቆማለች።

ጋሽ አዛናው መጣ፣ ካቻቢቴ በኪሱ፣
ሦስት ጣት በቀረው እጁ ቆቡን እያነሣ ከራሱ።
«እንደምን አደርሽ?» አለ። «ደህና» ስል ተሽቀዳድሜ፣
ለካስ ለሷ ኖሯል፤ አፈርኩኝ እዚያው ቆሜ።

«መጀመሪያ ቁልፉን እዪ። ጠፍቷል?»
                              «ጠፍቷል።»
«ጠፍቷል ተብሎ ስንት እጅ ተቀብሯል!
ማግኔቶ ውሻ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያደምጥ፤
ሲተኛም እንደነቃ ቁጠሪው፤ ከአፉ ፊት አትቀመጪ፣ ምንም ቢለመጥ።»

የጎማ ማገጃውን ከፊትም ከኋላም በእግሩ መታ መታ፣
ፈንታሁንን አስጠራው፣ ከእንቅልፉ ገና ሳይፍታታ፤
የእሳት ማጥፊያውን አስታቀፈው፦ «እዚህ ቁም፤ አትሳቅ፤
ዓይንህን ከጭስ ማውጫው ሳትነቅል ጠብቅ።»
ፈንታሁን ሳቀ።

ከዚያ ነው ቆጠራው። ምላጩን በመዳፌ ገፋሁ፣
ገፍቼ ዞር አልኩ፤ ሌላው ሲመጣ ደግሞ ተጠጋሁ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ይተነፍሳል፣
ጎህ ሲቀድ እንደሚነሣ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
አራት። አምስት። ስድስት።
ሰባተኛው ላይ ቆመ።

በቃ፣ ቆመ። እንደ ግንብ ቆመ።
ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ትከሻ አለኝ፤ እልህ ያዘኝ፣
እግሬን ተከልኩ፣ ልገፋው፤ «ተይ!» የሚል ድምፅ አስደነገጠኝ።
ጋሽ አዛናው ጮኾ አያውቅም።

«ዘይት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ክረምቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ፣
ታችኛው ሲሊንደር ውስጥ ወርዶ ተጠራቀመ፣ ጠብ በጠብ።
ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ብትገፊው ብረቱ ነው የሚጎብጥ፣
ጎብጦም ዝም ይላል፤ ዛሬ እዚህ አይሰበርም፣
ነገ ነው፣ ጣና ላይ፣ ሰማይ መሃል ነው የሚቆረጥ።»

«ወደ ኋላ ልመልሰው?»
                    «እሱማ መደበቅ ነው፤
ቱቦው ውስጥ ገብቶ ያደፍጣል፣ ሞተሩ ሲነሣ መልሶ ሊጠጣው።»

ካንዴላውን ፈታን። መጣ፤ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ ዝግ ያለ፤
የወተት ዱቄት ጣሳ ሞልቶ ተረፈ፤ ገና አለ።
ጋሽ አዛናው ሦስት ጣቱን በጨርቅ ጠቀለለ፣
«ብርሌው ገፍቶት ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለ።

እንደገና ቆጠርን፤ አሁን እሺ ብላ ዞረች።
ካፒቴኗ ከመስኮት «ነጻ ነው?» አለች።
«ነጻ ነው!» አልን ርቀን። ምላጩ በራሱ ዞረ፣
አንዱ ሲሊንደር ባረቀ፣ ሁለተኛው አነጠሰው፣
ሰማያዊ ጭስ ሣሩን እስከ መንገዱ አለበሰው፤
ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ።
የአዘዞ ውሾች ጮኹ። ፈንታሁን አልሳቀም።

እኔ እሷን ሳይ፣ ጋሽ አዛናው የሚያየው ሰዓቱን ነው፤
ዘይቱ በሠላሳ ሰከንድ ግፊት ካልሰጠ፣ ማጥፋት ነው።
አሥራ አንደኛው ላይ የካፒቴኗ አውራ ጣት ከመስኮቱ ወጣ።
ተነፈሰ። ከጠዋት ጀምሮ የያዘው ትንፋሽ ነበር የወጣ።

ማታ ቤቴ ስገባ፣ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤
ከተመለሰ አራት ወሩ፤ አንድ ቃል ሳይወጣው ከርሟል።
ሌላ ቀን ትከሻውን ይዤ «ተናገር!» እለው ነበር።
ዛሬ ጣሳውን በሩ ሥር አስቀመጥኩ፣
ጫማዬን አወለቅኩ፣
ከአልጋው ግርጌ፣ ከታች በኩል፣ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።